የመዝገቡ ወገብና የጠመኔው ወገብ

ለክቡር የልብስ ስፌት ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለበት ክፍል።

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለወንበርዎና ለቀበቶዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎ ደረጃ ሳይፈራ፣ ቀበቶዎ ሳይጠብቅና ሳይላላ፣ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ እንዲያኖርዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ በቸርነትዎ ላለፉት ሃያ ሦስት ቀናት ከሥራ ታግጄ ቤቴ ተቀምጬ ስላረፍኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመቆም ያበጠው እግሬ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐኪም ያልቻለውን እርስዎ በአንድ ፊርማ ስለቻሉት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ከድፍረት አይደለም። የእገዳዬ ደብዳቤ ለእኔ ከመድረሱ በፊት በዋናው በር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ዘበኛው አንብቦት፣ ዘበኛው ለዳቦ ሻጯ ነግሯት፣ ዳቦ ሻጯ ለባለቤቴ ነግራት፣ ባለቤቴም «ምን አድርገህ ነው?» ብላ በር ላይ ተቀብላኝ ስለሰማሁት፣ የቤታችን የደብዳቤ ሥርዓት ይህ መሆኑን ተረድቼ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በራሴ ሲደርስ አመንኩ። ስለዚህ መልሴን እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከእርስዎ ደብዳቤ ጎን፣ በአራት ስፒል ሰክቼዋለሁ።

ከሁለተኛ ፎቅ ቁልቁል ሲታይ የሰው አናት ሁሉ አንድ ስለሚመስል ምናልባት ካላወቁኝ፣ እኔ ምድር ቤት፣ ከመግቢያው በስተግራ፣ ሜትር አንገቴ ላይ ጥዬ የቆምኩት ለኪ ነኝ። ባልደረቦቼ «ሜትሬ» ይሉኛል። በእነዚህ ዓመታት የከተማውን ግማሽ ወገብ አቅፌአለሁ፤ ባለቤቴም በዚህ አንድ ቀን ቀንታ አታውቅም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ እንዲገባ፣ ከእርስዎ መምጣት በፊት ጀምሮ እኛ ምድር ቤት ያለነው እንዴት እንደምንሠራ በትሕትና ላስረዳ። ደንበኛ ለልኬት ሲገባ መጋረጃው ይዘጋል። ከዚያ ደንበኛው ማንም ሳይጠይቀው የወገቡን ቁጥር ራሱ ይናገራል። ይህን ያላደረገ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አላጋጠመኝም። አንዱ «ሰማንያ አራት ነኝ» ይላል፣ ሌላው «ከድሮም ዘጠና ነኝ» ይላል። የሚናገረው ቁጥር አንድ ቀን እውነት የነበረ፣ ብዙ ጊዜም የተሞሸረ ሰሞን የነበረው ነው። እኔም «እሺ ጌታዬ» ብዬ ያንኑ ቁጥር መዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ። ቀጥዬ ሜትሩን አዞርና ያየሁትን ትንፍሽ ሳልል በጨርቁ ጀርባ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። የመዝገቡ ቁጥር ለደንበኛው ክብር ነው፤ የጠመኔው ቁጥር ለደንበኛው ሆድ ነው። ቆራጯ በጠመኔው ትቆርጣለች፣ ተኳሹ ካውያውን ከማሳረፉ በፊት ጠመኔውን በብሩሽ ያራግፋል፣ ደንበኛው ደግሞ ለብሶ መስታወት ፊት ይቆምና «አላልኳችሁም? ያው ነኝ እኮ» ይላል። እኛም «ያው ነዎት» እንላለን። ይህን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ለኪ፣ አፈር ይቅለላቸውና፣ ሰውን የምንለካው ልናለብሰው ነው እንጂ ልንፈርድበት አይደለም ይሉ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታ ማለት ይከብደኛል፤ ትዝብት ልበለውና በቁጥር ላስቀምጠው። ቁጥር ሙያዬ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ሥልጠናው። ክቡርነትዎ ስለ ደንበኛ እርካታና ስለ ግልጽ አሠራር ለሦስት ቀን ሠልጥነው፣ ሰማያዊ አቃፊ ታቅፈው በተመለሱ ማግስት፣ ማኅተም ያረፈበት መመሪያ ከጭንቅላቴ በላይ ተሰቀለ። በመመሪያው መሠረት መጋረጃው ለግልጽነት እንቅፋት ስለሆነ ተነሳ። ለኪው የለካውን ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲጠራ፣ የመዝገብ ጸሐፊዋም ለማረጋገጫ ጮክ ብላ እንድትደግም ታዘዘ። ወረፋ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበርም ሥራው እንዲታይ ተብሎ ከኮሪደሩ ተነስቶ ፊት ለፊታችን ተደረገ። እኔ በትሕትና «ጌታዬ፣ ይህ ነገር ሰው ያስቀይማል» ብዬ ነበር፤ እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ለለውጥ ዝግጁ ሁን» አሉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ወይዘሮ የዳሌዋ ቁጥር ሲደገም ሰምታ ጨርቋን አንስታ ወጣች፣ አንድ ጎረምሳም ደረቱን ለማስፋት አየር ስቦ ስቦ ራሱን አዞረውና ውሃ አጠጣነው። እነዚህ ግን ወርቃማ ደንበኞች ስላልነበሩ ወሬያቸው ሁለተኛ ፎቅ አልደረሰም።

ሁለተኛ፦ ስለዚያች ማክሰኞ። ክቡር ደንበኛችን (ስማቸውን አልጠራም፤ እርስዎም እኔም ዘበኛውም እናውቃቸዋለን) የሦስት መጋዘን ባለቤት፣ የሠራተኞቻቸውን የደንብ ልብስ በየዓመቱ እኛ ዘንድ የሚያሰፉ፣ ሲመጡ ዘበኛው ጥላ ይዞ የሚሮጥላቸው፣ እርስዎም ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ የሚወርዱላቸው ሰው ናቸው። የመጡት ለሴት ልጃቸው ሠርግ ሙሉ ልብስ ሊያሰፉ ነበር። ብቻቸውን ቢመጡ ምን ነበረበት! የሙሽራውን አባት አስከትለው መጡ። የሙሽራው አባት ጡረታ የወጡ መምህር፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ክቡር ደንበኛችን እንግዳ አክባሪ ስለሆኑ «እርሳቸው ይቅደሙ» አሉ። ለካሁ። እንደ መመሪያው «ሰባ ስምንት!» ብዬ ጠራሁ፤ ጸሐፊዋም «ሰባ ስምንት!» ብላ ደገመች፤ መምህሩም አንደኛ እንደወጣ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ከዚያ ክቡር ደንበኛችን ቀረቡና፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዘጠና ስድስት ነኝ፤ ከተሞሸርኩ ጀምሮ ፈቀቅ ብዬ አላውቅም» አሉ። የድሮው እኔ ብሆን «እሺ ጌታዬ» ብዬ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። መጋረጃው ግን የለም፤ ማኅተሙ ከአናቴ በላይ ነው፤ አግዳሚው ላይ ስድስት ሰው ጆሮውን አቁሟል። ሜትሩን አዞርኩ። ከግራ እጄ ወደ ቀኝ እጄ ለማቀበል ጉንጬን ደረታቸው ላይ ማሳረፍ ነበረብኝ። ከዚያም የታዘዝኩትን ፈጸምኩ፤ ቁጥሩን ጠራሁት። ጸሐፊያችን በትርፍ ጊዜዋ የመዘምራን ቡድን አባል መሆኗን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። እሷም ከሆዷ አውጥታ ደገመችው።

ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው ነገሬ ሁሉ ይቀልልኝ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በትእዛዝ ጠርቼዋለሁ፣ ሁለተኛ በፈቃዴ አልጠራውም።

የሙሽራው አባት መሐረባቸውን አውጥተው ውስጡ ሳሉ፤ ሳል መሆኑን ግን አልምልም። ክቡር ደንበኛችን «እንደገና!» አሉና ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ቁጥሩ በአራት ወረደ፤ እኔም ጠራሁት፣ እሷም ደገመችው። ሰው ግን ሳይተነፍስ አይኖርምና፣ ገና እሷ እየደገመች ሳለ ሲተነፍሱ ሜትሩ ከእጄ አምልጦ ሄደ፤ ሦስተኛው ቁጥር ከመጀመሪያውም በጥቂት በለጠ። መመሪያው የትኛው ቁጥር እንደሚዘለል ስላልገለጸ፣ ሕግ አክባሪ ሠራተኛ በመሆኔ እሱንም ጠራሁት። አግዳሚው ላይ ቀሚስ ሊያሳጥሩ የመጡ አንዲት እናት «እኔን አመለጠኝ፤ ስንት አለ?» ብለው ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ፣ ጎረቤታቸው ሦስቱንም በቃሏ ዘረዘረችላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ! ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የእኔ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ስለ ሜትሩ። ጩኸቱን ሰምተው የወረዱት ክቡርነትዎ፣ ነገሩን በግማሽ ደቂቃ መርምረው፣ ጥፋቱ የሜትሩ መሆኑን፣ ሜትሩም አርጅቶ የተለጠጠ መሆኑን በሰው ፊት ፈረዱ። በፍጥነትዎ ተደንቄአለሁ። በሙያዬ በኩል አንዲት ትንሽ ነገር እንድጨምር ብቻ ይፍቀዱልኝ፦ ሜትር ሲያረጅ በእርግጥ ይለጠጣል። የተለጠጠ ሜትር ግን ቁጥርን ያሳንሳል እንጂ አያስበልጥም። ሜትሩ በእውነት አርጅቶ ከሆነ፣ ክቡር ደንበኛችንን አዳላላቸው እንጂ አልበደላቸውም። ይህን ያን ጊዜ ያልተናገርኩት ነገር ላለማባባስ ነበር፤ አሁን ነገሩ ራሱ ተባብሶ ስላገኘሁት ነው የምናገረው።

አራተኛ፦ ስለ ንጉሡ። ክቡር ደንበኛችን «ወይ እሱ፣ ወይ እኔ» ባሉ ጊዜ፣ ክቡርነትዎ «ከነገ ጀምሮ እዚህ አያዩትም» ብለው መለሱላቸው። ሲመልሱ አላዩኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሠራሁበት ቤት ሲያሰናብቱኝ ዓይንዎ የነበረው የደንበኛው የኮት ቁልፍ ላይ ነው። ቀልዱን ለአፍታ ላቁመውና፣ ይህ አሞኛል። መሳሳት ያለ ነው፣ መቆጣትም ያለ ነው፤ ራስዎ ያወጡትን መመሪያ የፈጸመ ሰው ከጎንዎ ቆሞ እያለ «መመሪያው የእኔ ነው» የምትል አንዲት ቃል መጥፋቷ ግን አሞኛል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት ለእርስዎ አልተርትም፤ ባልደረቦቼ በዚያ ቀን በምሳ ሰዓት ሲተርቱት ግን አላስቆምኳቸውም። ግድግዳችን ላይ በትልቁ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ይሁን፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ንጉሥ አይለካም የሚል ግን አባቶቻችን ሲተርቱ አልሰማሁም፤ ካልተለካ ምን ይለብሳል? ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሮ «ሠራተኛ ደግሞ እንግዳ ነው» ቢባል፣ ሥራ ሲጀምር እያንዳንዱ ሰው ዕቃውን ሳይዘረግፍ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥፋት አለብኝ፤ እርስዎ የጻፉት ግን አይደለም።

ክቡር ደንበኛችን ወጥተው፣ መዝገቡ ላይ በእርስዎ ትእዛዝ ዘጠና ስድስት ተጽፎ፣ እኔ ዕቃዬን እስክሰበስብ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጥሩ ጥቁር ሱፍ ነው፤ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ጠመኔውን አነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ እልህ ይዞኝ ነበር፤ ዘጠና ስድስት ብዬ ጽፌ ልሄድ «ዘ»ን ጀምሬ ነበር። ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፦ ሠርጉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ከዚያ «ልጄን ልመርቅ» ብለው ይነሳሉ። የዚያን ጊዜ የሚሰማውን ድምፅ ጸሐፊያችንም አትደግመው። ከዚያ ግን ልጅቷ ትዝ አለችኝ። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ደንብ ልብሷን የለካኋት እኔ ነኝ፤ ሜትሩ ሲኮረኩራት እየሳቀች ሦስት ጊዜ ነው ያስለካችኝ። የአባት ሱሪ የሚቀደደው በሰውዬው ላይ ሳይሆን በእሷ ቀን ላይ ነው። ስለዚህ «ዘ»ን በክርኔ ጠርጌ እውነተኛውን ቁጥር ጻፍኩ፤ ለሠርግ ምሳ ሁለት ጣት ጨመርኩበት፤ ዘፈን ከተከፈተ ብዬ ደግሞ አንድ ጣት። ቆራጯ በጠመኔው ቆረጠች። እሷ በሕይወቷ መዝገቡን ከፍታ አታውቅም፤ መቀሷን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ስለዚህ ይህ ጥፋት እሷን የማይመለከት መሆኑን አስምሬበታለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ማስረጃው። ሠርጉ በሰላም አለፈ፤ እንኳን ደስ ያላቸው። ክቡር ደንበኛችን ተቀምጠዋል፣ ተነስተዋል፣ መርቀዋል፣ ወንበር ላይ ወጥተው ጨፍረዋል አሉ። በማግስቱም ለክቡርነትዎ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ እርስዎም እሱን መሠረት አድርገው ሁለተኛውን ደብዳቤ ለእኔ ጻፉ። ይህችን አንቀጽ ባለቤቴ በቃሏ ይዛታለች፦ «በመዝገቡ ላይ በሰፈረው ዘጠና ስድስት መሠረት የተሰፋው ልብስ በደንበኛው ላይ ፍጹም ልክ ሆኖ በመገኘቱ፣ የቀድሞው ለኪ ልኬት የተሳሳተና ሆን ተብሎ ደንበኛን ለማዋረድ የተደረገ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል፤ ስለሆነም ሰኞ በሚደረገው ስብሰባ የመጨረሻ ስንብቱ ይጸድቃል።»

ክቡር ሆይ፣ በሙያዬ ተመስግኜ አውቃለሁ፤ ሙያዬ ማስረጃ ሆኖ ሲያስባርረኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሱሪውን ባበላሸው ኖሮ እውነተኛ ለኪ እባል ነበር። ስላማረ ውሸታም ሆንኩ።

ስድስተኛ መሆን የነበረበት ስለ ቤቴ ሁኔታ ነበር፤ በአጭሩ ልለፈው። አማቴ አብራን ትኖራለች። የታገድኩ ዕለት «ልጄ፣ እውነት ለምን ተናገርክ?» አለች፤ በሳምንቱ «ልጄ፣ በሩን ስንቴ ትለካዋለህ?» አለች። እውነቷን ነው፤ እጄ ሥራ ስለለመደ በሩን፣ አልጋውን፣ የጎረቤትን አጥር ሳይቀር ለክቻለሁ። ሦስት ጎዳና አልፎ ወዳለው ሌላ ልብስ ስፌት ቤትም ሄጄ ነበር። ባለቤቱ እጄን ጨብጦ ወንበር ሰጠኝና፣ «ደንበኛውን በቁጥር ያዋረደው አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያም በጣም ጥሩ ሰው ስለሆነ እስከ በር ሸኘኝ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከሜትር በቀር የማውቀው የለም። ፈርቻለሁ፤ በሳቅ የምጽፈው ስለማልፈራ አይደለም።

ሰባተኛ፦ ስለ ተተኪዬ። በእኔ ቦታ የመደቧት ጸሐፊያችንን ነው። እሷም የእኔን መጨረሻ ስላየች፣ ለደንበኛው ሜትር ማሳየት አቁማለች። ቁጥሩን ትጠይቃለች፣ የነገሯትን ትጽፋለች፣ ጠመኔው ላይም ያንኑ ትገለብጣለች። ማንም አልተቀየመም፤ ግልጽነቱም እንደተጠበቀ ነው። በእነዚህ ሃያ ሦስት ቀናት ግን አሥራ አንድ ሙሉ ልብስ ተመልሶ መጥቶ ምድር ቤት ተደርድሮ ተሰቅሏል፤ ሁሉም በሰዎቹ አፍ ልክ የተሰፋ ነው። ክቡርነትዎም መንስኤውን አጥንተው፣ የቆራጯ ዓይን መድከሙን ደርሰውበት፣ ትናንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተዋታል። ለጡረታ ሦስት ዓመት የቀራት፣ በጨለማ ብትቆርጥ የማትስት ሴት ናት። ዝም ብዬ ሰኞን ልጠብቅ ያሰብኩት ሰው ብዕር ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ የመጣው መቀስ ወደ እሷ ሲዞር ዝም ማለት አልቻልኩም።

ደንበኛውን በአደባባይ አጋለጥክ እንዳይሉኝ፣ አንድ ነገር ልግለጽ። ባለፈው ሐሙስ የክቡር ደንበኛችን ባለቤት በእግራቸው ጠይቀው ቤቴ ድረስ መጡ። ሱሪውን በፌስታል ይዘዋል። ከአማቴ ጎን ተቀምጠው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ሱሪውን ገልብጠው ገበሩን አሳዩኝ፤ ተኳሹ ቸኩሎ ኖሮ የጠመኔው ቁጥር እንደ ጥላ ቀርቷል። «እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፤ ዘጠና ስድስት የት እንዳለ አውቃለሁ» አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ባለቤታቸውም ያውቃሉ፤ ያስቀየማቸው ቁጥሩ ሳይሆን አማቻቸው ፊት መጠራቱ ነው አሉኝ። ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ፦ ለመልሱ ግብዣ ሌላ ሱሪ ያስፈልጋቸዋል፣ እዚያ ቤት ደግሞ በአፍ ነው የሚሰፋው መባሉን ሰምተዋል፤ ስለዚህ እኔ በጓሮ በኩል ቤታቸው ሄጄ ባለቤታቸውን እንድለካ ጠየቁኝ። ባለቤትዎ እንድባረር ጠይቀው ሳለ እንዴት ይሆናል ብላቸው፣ «እሱ ይባረርልኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ ሱሪውን ማን ይሰፋልሃል እለዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም» አሉ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸውም ትንሽ አስበው፣ «ጻፍ፤ ቁጥሩን ብቻ አትጻፍ» ብለው፣ ሱሪውን ትተውልኝ ሄዱ። ቃሌን ጠብቄአለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሱሪው አለ፤ ሜትርም አለ። ሰኞ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ ክቡርነትዎ በሩን ዘግተው፣ ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ራስዎ ይለኩት። አዲስ ሜትር ይጠቀሙ። ማንም አይጥራ፣ ማንም አይድገም። ያዩትን ያዩታል። ከዚያ የእኔን ጉዳይ እንደ ህሊናዎ ይወስኑ፤ የቆራጯን ማስጠንቀቂያ ግን ይቅደዱት። መጋረጃውም ወደ ቦታው ይመለስ፤ የተጣጠፈው ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌው መጥረጊያ በስተኋላ ነው። እኔ ብመለስም ባልመለስም፣ ሰው ቁጥሩን የሚናገርበት አንድ ክንድ ጨርቅ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻም ስለ ዕረፍቱ፣ ስለ ሥልጠናው፣ የሰው ዓይን ሳያዩ የማሰናበት ጥበብን ስላስተማሩኝ፣ አማቴንም በቅርብ እንዳውቃት ስላደረጉኝ ደግሜ ደጋግሜ አመሰግናለሁ። ጥላዎ አይጥፋብን፤ ምንጣፍዎ ቀለሙን አይልቀቅ፤ ከደረጃው ሲወርዱ መደገፊያውን ይያዙ።

ወገብዎን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባይሆንም ሰባት ዓመት ያገለገልኩ፣
ምድር ቤት፣ በስተግራ፣ ባዶ ቦታ ላይ የነበርኩት፣
ታማኝ ለኪዎ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ሰባት ዓመት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ክቡርነትዎ ወደ ቤታችን የመጡ ሰሞን ለመጀመሪያው ሙሉ ልብስዎ ሲቆሙልኝ፣ መጋረጃው ገና አልተነሳም ነበርና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰማንያ ስምንት ነኝ» አሉኝ። «እሺ ጌታዬ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሙሉ ልብስ ሰፍተንልዎታል፤ ስድስቱም ተስማምተውዎት «ያው ነኝ» ብለዋል፤ ይህን ሲያነቡ የለበሱትም አንዱ ነው። ለሚቀጥለው ወር የቤታችን ምሥረታ በዓል፣ መድረክ ላይ ቆመው ለሚያደርጉት ንግግር ያዘዙት ግራጫ ሱፍ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ በጠመኔ ምንም አልተጻፈበትም፤ መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ ሰማንያ ስምንት ይላል።